ከመስኮቱ በላይ አንድ ጋት

በአርባ ሦስት ዓመቴ ደብተር ገዝቼ ተማሪ ሆንኩ፣
ራውላንድ በምትባል መንደር፣ ከቴሌማርክ ተራራ ሥር አረፍኩ።
ሚያዝያ ነው ይላሉ፤ በረዶው ግን ወሬውን አልሰማም፣
እስከ ጉልበት ይውጣል፤ አይበቃውም ጫማም።

እንጅባራ አናጺነት ሳስተምር ምስማር ነበር ቋንቋዬ፣
ሁለት እንጨት ተኳረፈ? ምስማር፤ አለቀ ጉዳዬ።
ሲግሪ ግን፣ የሰባ ዓመቷ መምህሬ፣ የምስማር ኮሮጆዬን አይታ፣
«እሱን ለኮትህ መስቀያ» አለችኝ፣ አንዲት መጥረቢያ ሰጥታ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግንድ መላጥ ነው፤ ሌላ የለም።
ሙጫው ማንኪያዬ ድረስ ይከተለኛል፣
ዳቦው፣ ትራሱ፣ ሕልሜ ሳይቀር ጥድ ጥድ ይለኛል።

በሁለተኛው ኢልዜ፣ ከላትቪያ የመጣችው፣
የግንዱን ጥምዝ በመዳፏ አነበበችው፤
«ወደ ቀኝ የዞረ አለ፣ ወደ ግራ የዞረ አለ፣
ግራኙ ግድግዳ ገብቶም መዞሩን አልጣለ።»
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ አልኳት።
ማንን እንዳልኩ አልጠየቀችም።

ከዚያ ያቺ ባለ ሁለት ጥፍር ብረት መጣች።
አንዱ ጥፍር የታችኛውን ግንድ ጀርባ ይዳብሳል፣
ሌላው ያንኑ መንገድ ከላይኛው ሆድ ላይ ይስላል፤
ጉብታ ካለ ጉብታውን፣ ቁስል ካለ ቁስሉን፣
ላይኛው ተቦርቡሮ ይቀበላል የታችኛውን አመሉን።
የታችኛው አይነካም።
(ይህን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።)
ከላይ ያለው ነው የሚጎድል፣ ከላይ ያለው ነው የሚለካ፣
በየቢሮው ፈልጌ ያጣሁት ሥርዓት እንጨት ላይ ኖሯል ለካ!

ማዕዘኑ ላይ ሲገናኙ፣ ግንድ ግንድን ሲነክስ፣
«ጡም» ይላል አንድ ጊዜ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ።
ገጠመ! ቤት መታ! ብዬ ጮህኩ በአማርኛ፣
ተርጉም ብትለኝ ጊዜ አፌ ሆነ የእንግሊዝኛ እስረኛ።
«ጥሩ ነው ማለቴ ነው» አልኳት።
ከኪሷ የሱቅ ደረሰኝ አወጣች፣
በግንዶቹ መሐል አሾለከችው፤ ገባ።
«ጥሩ አይደለም» አለች።

አንድ ማታ፣ እኛ ጋ ዛፍ የሚተከለው ለከሰል ነው ብላት፣
በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ፣ በጆንያ፣
ምንም አልመለሰችም።
ምድጃው ውስጥ ልትጨምር ያነሳችውን ፍልጥ
መልሳ አስቀመጠችው።

መስኮቱን ስንከፍት ከጉበኑ በላይ ባዶ ቦታ ተወች፣
አንድ ጋት።
ነፋስ ያፏጭበታል፣ የግንቦት ካፊያ ይገባል።
ተሳስታለች ብዬ ልደፍነው ሽብልቅ ስጠርብ
እጄን ያዘችኝ።
«ቤቱ ገና ቁጭ አላለም» አለች።
«እርጥብ ነው፤ ይደርቃል፣ ይሟሽሻል፣
በአምስት በስድስት ዓመት ይህን ሁሉ ይወርዳል።
ዛሬ ከደፈንከው ግድግዳው መውረጃ ያጣና
መስኮቱን ይሰብርልሃል።»

አባቴ ስንጥቅ አይወድም ነበር።
ቤት በሠራ ቁጥር በጭቃና በጭድ ይመርገዋል፣
መዳፉ ግድግዳው ላይ ታትሞ ይደርቃል።
እኔም ስንሻውን፣ ልጄን፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣
ገና እርጥብ ሳለ፣ ሳይለይ መውጫ መግቢያው ቤቱ፣
መልስ በመልስ ላይ መረግሁበት።
ስልክ ካልደወለልኝ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ነገ ቤቱ ይፈታል። ግንዶቹን በመሮ ቆጥረናቸዋል፣
ደቡብ አንድ፣ ደቡብ ሁለት፣ በር ግራ፤
መኪና ይጭናቸዋል፤ ፊዮርዱ ዳር የገዛቸው ሰው
ያለ እኛ ይገጥማቸዋል።

ዛሬ ጣሪያ የሌለው ቤታችን ውስጥ ተኛሁ።
ሰኔ ነው፣ እዚህ አይጨልምም፤
በዚያች ጋት ቀጭን ብርሃን ይገባል፣
እንቅልፍ ከልክሎኝ ደወልኩ።
«ምን ሆንክ?» አለ ስንሻው።
«ምንም። ስለ አንድ መስኮት ልነግርህ ነበር።»

ዝም አለ።
የትራፊክ ጡሩምባ ይሰማኛል፣ ሰው የሚጣራ።
አፌ ላይ ሦስት አራት ቃል መጣ፣
የተጠረበ፣ ለመሰካት የተዘጋጀ።
አልደፈንኩትም።