ሰደርያ ወይስ ዝናር

ዛሬም ይዘንባል። ዌልስ ነው፤ ምን ይገርማል?
የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሁለት ዕቃ ተሸክሟል፤
አንድ ሰደርያ፣ ኪሱ ስምንት፣ መልኩ የረጠበ ቅጠል፣
አንድ የወገብ ዝናር፣ አራት ቱቦ ብቻ የሚችል።

ኤምሊን እባላለሁ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ አርባ ስምንት ዓመቴ፤
ቅዳሜ ሲመጣ ቀለም እታኮሳለሁ፣ ከነቦርጬ፣ ከነቁርጥማቴ።
ጠብመንጃው በአየር ይተፋል፤ ፍሬው ቀለም የጠጣ፣
ልጣጩ እንደ ወይን ስስ፤ ሲያርፍብህ ይፈነዳል፣ ጧ!
ሞት የለም፤ ሳሙና አለ። የተመታ እጁን ሰቅሎ
ወደ ሻዩ ይወርዳል፣ ገዳዩን ሰድቦ፣ «ቆይ ብቻ!» ብሎ።

ጭንቁ ሌላ ነው። የተረፈው ፍሬ የት ይታዘል?
ደረት ላይ ይደርደር፣ ወይስ ወገብ ላይ ይንጠልጠል?

ዝናሩ ከኋላ ነው፤ እጅ ወደ ጀርባ ሲላክ ጣት ሳያይ ያገኛል፤
በሆድህ ብትሳብ ደረትህ ባዶ ነው፣ መሬት ይቀበልሃል።
ግን ስትሮጥ ይወርዳል፤ ስታጠብቀው ትንፋሽ ያሳጥራል፤
ደግሞስ ቦርጭ ባለበት ቀበቶ መቼ አድሮ ያውቃል?
ወገብህን ታጠቅ ይሉኛል። የቱን?
ከተለያየን ቆየን፤ ሳይሰናበተኝ ሄደ፣ እኔም አልጠየቅሁ የት መግባቱን።

ሰደርያው ከትከሻ ይወርዳል፤ ሸክሙን ያካፍላል፤
ግን በደረቴ ስተኛ ቱቦው ጎድኔን ይቆጥራል፣
ፀሐይ ከወጣችም (ትወጣለች፣ አንዳንዴ) እንደ ብርድ ልብስ ያፍናል።

«ለሚሮጥ ዝናር፣ ለሚጠብቅ ሰደርያ» አለኝ ጌትን፣ ሻጩ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣
እንደ ነቢይ፤ የብስኩት ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ተበትኖ።
እኔም የሁለቱን ከፈልሁ።

ልጄ ቴግዌን ዳቦ ነክሳ ከደረጃው ዱብ ዱብ አለች፤
ሳትጠይቅ፣ ሳታመነታ፣ ዝናሩን ብድግ አደረገች።
ዘለበቱ ቀጭ! አለ። ሁለት ዙር ሊሄድ ምን ቀረው?
«አራት ይበቃኛል፤ ካነሰኝ ካንተ ነው።»
አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው፤ ሚዛን የለው፣ ሂሳብ የለው።

ለኔ ሰደርያው ቀረ። ስምንቱን ኪስ መሙላት ጀመርሁ፤
አራቱን በቱቦ። ከዚያ መነጽሬን ጨመርሁ፣
የአይብ ሳንድዊች በወረቀት፣ ፋሻና የምትረሳውን ጓንት፤
ስምንተኛው ኪስ ውስጥ፣ ከልቤ በላይ፣ የአስም መድኃኒት።
የእሷ ነው። መማጉን ካቆመች ሁለት ዓመት አለፋት፤
መያዙን እኔ ነኝ ያላቆምሁት።

ቦታው ከመንደሩ በላይ ነው፤ የተዘጋ የድንጋይ ካባ፤
ጥቁር ንጣፍ ድንጋይ ተቆልሎ፣ ዝናብ በላዩ ሲያነባ።
ዳኛዋ ግዌርቪል ዕጣ አወጣች፤ ጥብጣብ በክንዳችን አሰረች፤
ለኔ ሰማያዊ፣ ለሷ ቀይ፤ ልጄ ጠላቴ ሆነች።

ከክምሩ ኋላ፣ ከሳሩ መሃል፣ በደረቴ ተኛሁ፤
ቱቦው ጎድኔን ሲቆጥር አብሬው ቆጠርሁ።
ጠብመንጃዬ ባዶውን ተነፈሰ። ፍሬ! እጄን ወደ ኪስ ላክሁ፤
መነጽር።
ቀጣዩ፤ ፋሻ።
ቀጣዩ፤ ዳቦ፣ ተጨፍልቋል፤ ጣቴ ላይ አይብ።
ኮቴ ሰማሁ፤ ቀላል ነው፣ እንደ ፍየል፣ ሳይዘገይ የሚቀርብ።
ስምንተኛው ኪስ፣
ጧ! ጧ!

ቢጫ። ከደረቴ እስከ አገጬ።
ቀና ስል እሷ ናት፤ ቆማለች ከክምሩ አፋፍ፤
ደረቷ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጭምብሏ በትንፋሿ ጉም ለብሷል።
እኔ ግን ጆሮዬን ጣልሁ፤ ያ ፉጨት፣ ያ የሌሊት ሲርሲርታ፣
ጠበቅሁት። አልመጣም። ዝናብ ብቻ፣ ዝናብ፣ ለአንድ አፍታ።
«ይቅርታ አባዬ!» አለችኝ፤ ሳቋ ከይቅርታዋ በረታ።
«ለሞተ ሰው ፍሬ ምን ያደርጋል?» ብላ ጎንበስ አለች፤
ከደረቴ ሁለት ቱቦ መዝዛ ዝናሯ ውስጥ ሰካች፣
ሮጠች።

ማታ ሰደርያው ማሞቂያው ላይ ቢጫ ውሃ ያንጠባጥባል፤
ዝናሩን በአንድ ጨርቅ ጠረገችው፤ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ደርቋል።
ጌትን ይኼን አልነገረኝም፤ እጥበቱንም ማሰብ ይገባል።
ስምንተኛውን ኪስ ከፈትሁ፤ መድኃኒቱን አዙሬ አየሁት፤
ቀኑ አልፏል፣ ባለፈው መጋቢት።
መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት። ቅርጫት ውስጥ አይደለም፤ ገና።
ሰኞ ከሥራ መልስ ጌትን ዘንድ ብቅ ልበልና
ልጠይቀው፤ ባለ ሰባት ኪስ ይኖረው እንደሆነ።