ቶሎ

አባቴ ለገሃሬ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ
ቴሌግራፍ ይመታ ነበር።
ያኔ ቃል ዋጋ ነበረው፤ በስሙኒ ይቆጠር ነበር።
ከብረት ፍርግርጉ ማዶ፣ ላቡ ባንገቱ የወረደ ሰው
"እናትህ ታማለች፣ ቶሎ ና" ሊያስጽፍ ይቆምና
ኪሱን ይዳብስና
ሳንቲሙ ሲጎድልበት አንገቱን ይደፋና
"'ቶሎ' የምትለዋ ትቅር፤ ይበቃል፣ በለው ና።"

አባቴ ያንን ፊት አይቶ
የቃሏን ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ
ይልካት ነበር፦ ቶሎ።
በሠላሳ ዓመት ሥራው፣ ከሰው መልእክት ላይ
የጨመረው ቢኖር ይቺኑ ነው።

እኔ የሱ ልጅ፣ ያቺኑ ቃል ወረስኩ፤
በነጻ አገኘኋት፣ በሚሊዮን ነሰነስኩ።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ "የምርጫ ቴክኖሎጂ" እላለሁ፤
እናቴ ለጎረቤት
"ኮምፒውተር ይጠግናል" ስትል እሰማለሁ።
ሦስት ምርጫ ሠራሁ። ከከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጬ
የሳቢያንን ወጣት በሥራ ማጣቱ፣
የመጋላን ነጋዴ በዕዳው፣
የገንደ ቆሬን እናት በባዶ ጀሪካኗ
ለየሁ፣ ደረደርኩ፣ ስም ሰጠሁ።
ደስ ያለው ሰው ያልፋል፤ የተቆጣ ግን ይቆማል፣
ቆሞ ያነባል፣ ሳይጨርስ ለሌላው ይልካል።
ይህን ያወቅሁ ለት ጓደኞቼን ፈጢራ ጋበዝኩ።
"አቦ፣ ተማርክ!" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየመልእክቱ ጭራ ያባቴን ቃል አሰርኩ፦
"ሳያጠፉት ቶሎ ተቀባበሉት።"
ማን ሊያጠፋው ነበር?
ማንም። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ድሬ የኖረ ያውቃል የደቻቱን ጠባይ፤
አሸዋው ደረቅ ነው፣ ደመና የለው ሰማይ፣
ልጅ ኳስ ያባርርበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፤
ደንገጎ ላይ ግን ከማታ ጀምሮ ዘንቧል።
እዚህ ያልዘነበ ውሃ
እዚህ ሰው ይወስዳል።
ወሬም እንደዚያው ነው፤
ደመናው የሌላ፣ ሬሳው የኛ ነው።

አንድ ማታ ፎቶ መጣ። የሚነድ ገበያ።
"ቀፊራ ነው" ይላል። ሥሩ ላይ፦ "ቶሎ"።
ፎቶው የሌላ አገር ነበር፤
ከጭሱ ኋላ የኛ ያልሆነ ባሕር ይታያል።
እኔ አልላክሁትም። እመኑኝ ብዬም አልለምንም።
ቦዩን ግን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤
ያ ዝርዝር፣ ያ በቁጣ የተደረደረ ስልክ፣
ሌላው መጥቶ ያፈሰሰው በኔ ቦይ ነው።

ሲነጋ ቀፊራ ደህና ነበር።
የነደደችው የኢድሪስ ሙሜ የልብስ ስፌት ናት፤
አንዲት ክፍል፣ የመንገድ ጥግ፣
ስለ ቀፊራ ብለው ያቃጠሏት።
የተማሪ ልብሴን የሰፋ ሰው ነው፣
ጉልበቴ ሲቀደድ በነጻ የጣፈልኝ።
የሲንጀሩ መዘውር ጠቁሮ
እንደ ቆመ ሰዓት ዝም ብሏል።

"ይቅር በለኝ" ልለው ሄጄ ቆምኩ።
እሱ ከአመዱ መሐል ስልኩን አወጣ፤
"አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ አሉ፤
እስኪ ተመልከትልኝ፣
ቀፊራ ነዷል የሚሉት እውነት ነው?"

ቀፊራ እሱ ከቆመበት
በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

ለአራተኛው ምርጫ እየደወሉልኝ ነው። አላነሳም።
የማስበው ያባቴን መስኮት ነው፤
ጠባብ ነበር፣ ዝገት የበላው ነበር፣
ፊት ግን ያሳልፍ ነበር።
በኔ መስኮት ሁሉም ሰው ያልፋል፤
ማንም አይታየኝም።

አሁን "ቶሎ" የሚል ነገር ሲመጣብኝ
እንደዚያ ሳንቲም እንደጎደለው ሰው
ኪሴን እዳብሳለሁ፤
ቃሏን እሰርዛለሁ፤
ነጠላ ጫማዬን አደርግና
በዚያ ፀሐይ፣ በዝግታ፣
ሄጄ አያለሁ።