ሠላሳ ሰከንድ በክላይፔዳ

ክላይፔዳ ወደብ ላይ፥ ከንጋቱ አሥራ አንድ፣
የስንዴ መኪኖች ተሰልፈው ባንድ መንገድ፣
የፊተኛው ሾፌር ሚዛኑ ላይ ወጥቶ
ክብደቱን ይጠብቃል፥ ሞተሩን አጥፍቶ።
ስክሪኔ ላይ ቀይ ጽሑፍ፦ «ጊዜው አልፏል።»
ሠላሳ ሰከንድ። ደግሞ ሠላሳ።
ከኋላ ጡሩምባው ተነሣ።

ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ዳታቤዙ ላይ ነው።
አለቃዬ ጊንታውታስ፥ «አጥፍተህ አብራው» ነው ቃሉ፤
አጠፋሁ፥ አበራሁ፤ ዳነ፤
በማግስቱ ያው ሰዓት፥ ያው ቀይ፤ ጠፋኝ የክሩ ውሉ።

ጫፉን ያቀበለችኝ ዳንጉዎሌ ናት፣
ሚዛን ስትጠብቅ ያረጀች፥ ስለ ኔትወርክ የማይገዳት።
«ይኼ ነገር» አለች ጓንቷን እያወለቀች፣
«ስንሠራበት ደህና ነው። የሚያመው ካረፈ በኋላ ነው።»

ካረፈ በኋላ።
ያን ሌሊት ከፖርቱ ደጃፍ ተቀመጥኩ፤
አምስት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት፤
ከወዲህ አንድ ጆሮ፥ ከወዲያ አንድ ጆሮ ተከልኩ፣
የሚያልፈውን ፓኬት እንደ ኬላ ዘበኛ ቆጠርኩ።
«ሰላም» ይላል ይኼኛው።
«ሰላም፥ ሰማሁህ» ይላል ያኛው።
«እሺ።» ይኸው ነው ትውውቃቸው።

እኩለ ሌሊት የመጨረሻው መርከብ ጭኖ ሄደ።
ጉም ከባሕሩ ወጥቶ ክሬኖቹን ዋጠ።
ሰባት ሰዓት። ስምንት። ሻዬ በረደ።
ከወዲህ፦ ዐርባ መስመር ክፍት።
ከወዲያ፦ ዐርባ መስመር ክፍት።
ሁለቱም የሚያውቁትን ነው፤ የዋሸ የለም።

አሥራ አንድ ላይ መኪናው ሲመጣ
ከወዲህ ጥያቄው ወጣ።
ቆይቶ እንደገና። እጥፍ ቆይቶ እንደገና።
የወዲያው ጆሮዬ ኮሽታ አልሰማም።
መሀል የቆመው ፋየርዎል ነው ለካ፣
አንድ ሰዓት ካልተነጋገራችሁ አልተዋወቃችሁም ብሎ
ከመዝገቡ የፋቃቸው፤ ለአንዳቸውም ሳይነግር፣
ጥያቄው ሲመጣም ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው።
«አይቻልም» ቢል እንኳ፥ በደረቁ ቢመልስ፣
ሌላ በር ይንኳኳ ነበር።
ሠላሳውን ሰከንድ የበላው ዝምታው ነው።

መድኃኒቱ አንዲት መስመር፤ በየአምስት ደቂቃው
ምንም ያልያዘች ፓኬት
«አለህ?» ብላ ትሄዳለች፣
«አለሁ» ተብላ ትመለሳለች።

ጊንታውታስ ሪፖርቱን አየና፣
«ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት?»
ለዚህ ነው።

ዐርባ ቶን ከመቶ ሃያ ኪሎ፤
ሾፌሩ ወረቀቱን ሳያየው ኪሱ ከተተው።
ዳንጉዎሌ ቀጣዩን በእጇ ጠራችው።
እኔ ተረኛ አልነበርኩም፤ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ፤
ኮቴን እንደለበስኩ፥ ስክሪኑ ፊት ቆሜ፣
አለህ፥ አለሁ ሲባባሉ
ሳይ ነጋብኝ።