ሁለት ፐርሰንት

በሩ ላይ በከሰል «የሚሸጥ» ጻፍኩበት፤
ያዳማ ነፋስ ግን አቧራ ነፋበት።
ሸምሱ ደላላው ከባጃጅ ላይ ወርዶ፣
«ሁለት ፐርሰንት» ቢለኝ ሁለት ጣቱን ሰዶ፣
«ብሎኬት ያቆምኩ እኔ፣ ካርታ ያወጣሁ እኔ፣
ላብህ የታለ?» ብዬ አባረርኩት ያኔ።

ባልና ሚስት መጡ ከወንጂ ማለዳ፤
ጓዳ አልደበቅኩም፣ አልደበቅኩም ግድግዳ፦
«ውሃው ሌሊት እንጂ በቀን አይመጣም፣
ይሄን ስንጥቅ ደግሞ ልስን አይቀጣም፣
ይቺ ክፍል ደግሞ...» ምላሴ ታሰረ፤
ሊሾው ላይ የዘርፌ አልጋ አሻራ ነበረ።

ሰዎቹ ጫማቸውን እያዩ ሲወጡ፣
ሸምሱ ጋ ደወልኩኝ። በማግስቱ መጡ —
ሌሎች ናቸው። ሸምሱ ሲያስጎበኝ ቤቴን፣
ደጅ ቆሜ ከፈልኩት
የዝም ማለቴን።