ሳታስፈቅድ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ የሚመታ፤
ልጄ ግን በለጠች፤
የአሥራ አንድ ቀን ጉሮሮ፣ ያላንዳች ይሉኝታ።
ከቦሳ እስከ ኮቺ ሰው የሚቀሰቅስ፣
ሳታስፈቅድ ማልቀስ።

እኔ የተማርኩት ለቅሶ ሌላ ነበር፤
የብርድ ልብስ ጫፍ ነክሶ፣
ሳግን ከነትንፋሹ ወደ ሆድ መልሶ፣
ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሲሉ «ደኅና» ማለት፣ ፊትን በእጅጌ አብሶ።

አራት ቤት ነው ያደግሁ።
የመጀመሪያው ሒርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፤
ደጎች ነበሩ። መካን ናቸው ሲባሉ ወለዱ፤
እኔ በጓሮ ወጣሁ፣ ልጃቸው በዋናው በር ሲገባ።
ሁለተኛው አጂፕ፣ ጋራዡ አጠገብ፤
ዳቦ ማንም አልከለከለኝ፤ እኔው ነኝ «በቃኝ» የምል፣ ሳልጠግብ።
ሦስተኛውን ተዉት፤ አልናገር።
አራተኛው አዴ ሸምሲያ ጋ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ አቮካዶው ሥር።

ከቤት ቤት ስዛወር ጓዜ አንድ ጥቁር ፌስታል፤
ትራሴ ሥር ወትፌው አድራለሁ፤ መንገድ መቼ እንደሚመጣ ምን ይታወቃል?
አዴ ሸምሲያ አየችው። ምንም አላለችም።
ልብሴን ከልጆቿ ልብስ መሃል አጥፋ አስቀመጠች፤
ፌስታሉን ይዛ ወጣች፣
ማታ ጎመን ገዝታበት መጣች።

እዚያም ሆኜ ግን፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቁም ሣጥን ስከፍት አስፈቅድ ነበር፤
«ውሃ ልጠጣ?» እላለሁ። ትስቅ ነበር መጀመሪያ፤
ኋላ መሳቋን ተወች፤ ዝም ብላ ትቀዳልኝ ጀመር።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሆስፒታል፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ብዕሯን አንስታ፦
«የልጅ ስም?»
ሲፈን።
«የአባት?»
ምትኩ። (የማን ምትክ እንደሆንኩ የነገረኝ የለም እስካሁን።)
«የአያት?»
ዝም።
ከኋላዬ ሰልፍ አለ።
«መታወቂያህ ላይ አለ እኮ!» አዎ፣ አለ፤
የሦስተኛው ቤት አባወራ ስም ነው፤
ከእኔ ጋር ውሎ አድሮ የከረመ፣
በልጄ ላይ ግን አያድርም።
«ሸምሲያ» አልኩ።
«የሴት ስም ነው።»
«አውቃለሁ።»
ብዕሯ አየር ላይ ቆየ። ትጻፈው፣ አትጻፈው፣
ካርዱን ገልጬ እስካሁን አላየሁ።

ስንወጣ የሕፃኗን ልብስ በፌስታል ቋጥረው ሰጡን።
ባጃጁን ገበያው ጋ አስቆምኩና፣ በዝናብ ወርጄ፣
የቆርቆሮ ሣጥን ገዛሁ፣ አበባ የተሳለበት፣ ቁልፉ ሁለት።
«ለሦስት ዳይፐርና ለአንድ ኮፍያ?» አለች ለሊሴ። ምን ልበላት?

ከሊሙ አማቴ መጡ፣ ቅቤ በቅል ተሸክመው፤
«ያንተ ወገንስ መቼ ይመጣል?» አሉኝ፣ ለሊሴ እንዳትሰማቸው።
የጅሬን ዳገት ላይ፣ ሣር የዋጠው አንድ መቃብር ትዝ አለኝ፤
«መንገዱ ጭቃ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን ይምጣልኝ?

አሁን ግድግዳው ተንኳኳ፤ ጋሽ ነገዎ ናቸው፣ ጎረቤት።
እጄ፣ ያ የጥንቱ እጅ፣
የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዞ ወደ አፏ ሲሄድ አገኘሁት።
መንገድ ላይ ደርሼ ያዝኩት።

«ላንሳት?» አልኩ።
ለሊሴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፦
«ማንን ነው የምታስፈቅደው?»

አነሳኋት።
ጆሮዬ ሥር፣ በሙሉ ሳንባዋ፣ እንደ ባለቤት ጮኸች፤
ዝናቡ ነው ቀድሟት የደከመው።