ዜሮ ላይ

ከመምህር ጥሩሰው ቴርሞሜትር ተውሼ
ቅዳሜ ዓሣ ተራ ከእናቴ ጎን ደርሼ፣
ከቀረሶው በላይ፣ ከአምባዛው በታች
በረዶው ውስጥ ሰካሁ። ቀይዋ መስመር ቆመች፦
ዜሮ።

ቀትር ሆነ። የጣና ነፋስ ተኛ።
ቆርቆሮው ጋለ፤ ዝንቡም ጥላ ፈለገ።
አሁንም ዜሮ።

«ሙቀቱ አልጠፋም፤ ገብቷል፤ ግን የገባው
ለማሞቅ አይደለም፣ ማቅለጥ ነው ሥራው»
ብለውን ነበረ።

ቀና አልኩ።
የቦታ ኪራይ ሰብሳቢው እናቴ ላይ ጮኸ፤
ባለ ዱቤው «ነገ» ብሎ በባጃጅ ሸሸ፤
አንዷ ዓሣውን አሽትታ ሚዛኑ ላይ ወረወረች።
እናቴ «ይሁን» አለች፣
እጇን አደረቀች።

«ይታይሽ እኮ በረዶ ናት» ይላሉ ጎረቤቶቿ፣
«ምንም አይነካት።»

እኔ ሣጥኑን ከፈትኩ።
ጠዋት ለሁለት ተሸክመን ያወረድነው
አሁን ከመዳፌ አይበልጥም፤
አንዲት ዲግሪ ሳይሞቅ አለቀ።
መቀነቷን አየሁ፦
አምና ሁለቴ ነበር የሚዞራት፤
ዘንድሮ ሦስቴ ዞሯት ጫፉ ተረፈ።

በሣጥኑ ቀዳዳ ውሃው
ጠብ፣ ጠብ፣ ወደ ሐይቁ።

ሰኞ መምህሩ «ስንት አነበብሽ?» ሲሉኝ
«ዜሮ» አልኩና ቴርሞሜትሩን መለስኩላቸው።
ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤው
ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።