የሚዛኑ ሰው

ሥራዬ ሚዛን ነው፤ ዓለም ከተማ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሰው እመዝናለሁ፣ እንደ ጤፍ፣ እንደ ባቄላ።
ወይዘሮ ይመኝሻል ስድሳ አንድ ኪሎ፣ ልጇን በጀርባ አዝላ፤
የሚዳው ነጋዴ ዘጠና ሁለት ነው፣ ምሳውን ሳይበላ።
መስታወቷ ተሰብሯል የሚዛኔ፤ መርፌዋ ግን ታማኝ፣
ፍርሃትን ብቻ ነው የማትመዝንልኝ፤
እሱን ይዞት ይገባል ሁሉም፣ ሳይከፍለኝ።

አውሮፕላኗ አሮጊት ናት፤ በዕድሜ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤
ሆዷ እንደ አቁማዳ ተጥፎ፣ ጤዛ ለብሳ ታድራለች።
በጧት ብርድ ስትቀሰቀስ እንደ ሳምባ በሽተኛ ታስላለች፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ጭስ ትተፋና ዝም ትላለች።
ማንያዘዋል አፍንጫዋን መታ መታ አድርጎ
«ተነሺ እንጂ ሴትዮ» ሲላት፣
እያጉረመረመች ትነሳለች።

ወጪዋን ልንገራችሁ፤ ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው፣ በእርሳስ የተጻፈ፤
ለአንዲት ጎማ ብቻ ጥንድ በሬ አለፈ።
ቤንዚኗ በአይሱዙ፣ ጀማን ወርዶ ወጥቶ፣ ሩቡ ተንጠፈጠፈ።
ሚስቱ ወይዘሮ ስንዱ ለጣራ ቆርቆሮ ያጠራቀመችው
ለፕሮፔለር ሆነና ከነፈ፤
ቤቷ ክረምት ከክረምት ያፈሳል፣
ባሏ ከደመና በላይ ደረቅ ሰማይ ቀዘፈ።

«ስምህን ማን አወጣው?» ብዬው ነበር አንድ ቀን።
«አክስቴ» አለ። «ታች ሁሉም ይይዘኛል፣
ባንክ፣ ዕድር፣ አበዳሪ፣ አማች፤
ላይ ስወጣ ብቻ ነው ስሜ እውነት የሚሆን።»

አንድ ጥቅምት ጧት ወንበር ተረፈ፤ ሰማዩ ጭጋግ የለ።
«ራስህን መዝን» አለኝ። ስድሳ አራት። «ግባ» አለ።
ሜዳው አለቀና መሬት እንደ ምንጣፍ ከሥራችን ተነሣ፤
ሆዴ ወደ ኋላ ቀረ፤
ጀማ እታች ቀጥና ተኛች፣ እንደ ወደቀ ክር፣ እንደተረሳ።
አባቴ በበቅሎ ሦስት ቀን የተንገላታበት ገደል
በሃያ አምስት ደቂቃ አነሳ።

ጥንብ አንሣ ከክንፋችን ጎን መጣ፤ አንገቱን አዞረ፣
እንደማይወደን ጎረቤት ገልመጥ አድርጎን
ወደ ቋጥኙ በረረ።
የጤፉ ቢጫ፣ የሽንብራው አረንጓዴ፤ ድንበሩ የጥፍር ጭረት ነው፤
ከአጎቴ ልጅ ጋር ስምንት ዓመት የተካሰስንበትን ማሳ
ፈልጌ አገኘሁት፤
አውራ ጣቴ ሸፈነው።

ሐምሌ ላይ ግን ዋሸሁ። ሰባት ኪሎ ብቻ።
አቶ ጎርፉ መጣ፣ ከጋቢው ሥር ደብቆ የበሶ ስልቻ፤
«ልጄ ደብረ ብርሃን ትማራለች፤ ማደሪያው ብርድ ነው፣
ምሳዋ ደረቅ ዳቦ ብቻ።»
አየሁት፤ አላየሁትም።
ያ ማሳ የሸፈነ አውራ ጣቴ መርፌዋን ያዘ፤
ማንም ምንም አላለም።

ሜዳው ረጥቧል። ሮጠች፤ ከወትሮው ረዝማ ሮጠች፤ ጭቃ ረጨች፤
ጠርዙ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ጠፋች።
ወደ ላይ አይደለም።
ከገደሉ አፍ ጭጋግ ተትጎለጎለ፤ ድምፅ አለቀ፤
ዘበኛው እንግዳወርቅ ባርኔጣውን አወለቀ።
እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ።
ከዚያ ያ ሳሏ፣ ከሥር፣ ከጀማ በኩል፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ክንፏ ከጭጋጉ እንደ ሰጠመ ሰው ክንድ ታየ።
ሚዛኔ ላይ ተቀመጥኩ፤
መርፌዋ እንደኔው ስትርገበገብ፣ ዝናቡ እስኪመጣ ቆየ።

በማግስቱ መጣ ማንያዘዋል። አልተቆጣም። ጭቃውን ከጫማው ጠረገ፣
ሚዛኑ ላይ ወጣና «መዝነኝ» አለ፤ እጁን ኪሱ አደረገ።
«ሰባ አንድ» አልኩት።
«ሰባት ጨምርበት» አለኝ፤ «ትናንት የተጫነኝ ዛሬም አልወረደ።»
ጻፍኩ፤ እጄ እየራደ።
የተጣፈ ሆዷን በመዳፉ ዳበሳት፤
«ካንዴላ ትፈልጋለች» አለ፤ «ቆርቆሮው ዘንድሮም ቀረ፤
ለስንዱ አንተ ንገራት»፤
አለና ወደ ጭጋጉ ሄደ።